«አዞረኝ» ሳትዪ ንገሪኝ

የመጀመሪያው ቀን የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር የመሰለኝ።

ጊዜው ታኅሣሥ 2017 ነው። አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሰላም አጥቶ፣ ንቅናቄው አዲስ አበባ ድረስ የሚሰማበት ሰሞን። ትዝ ይላችኋል መቼስ። ሌሊት አልጋው ሲወዛወዝ ስልካችንን አንስተን «ተሰማችሁ?» እየተባባልን የምናነጋበት ጊዜ ነበር። የምኖረው ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነቅቼ ጣሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲነጉድ ሳይ አላመነታሁም። ጋቢ ጣል አድርጌ፣ ግድግዳ እየደገፍኩ፣ ደረጃውን እየተቀመጥኩ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ።

ግቢው ጭር ብሏል። ማንም አልወጣም። የጥበቃው ጋሼ ከነብርድ ልብሳቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«ምነው ልጄ?»

«መንቀጥቀጡ አልተሰማዎትም እንዴ?»

መሬቱን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። «ዛሬስ ደህና ነው ያደረው» አሉ።

አጥሩን ይዤ አስመለሰኝ። ትንሽ ሲለቀኝ ስልኬን ከፈትኩ። ቴሌግራም ላይም ፌስቡክ ላይም «ተሰማችሁ?» ያለ ሰው የለም። ያን ሌሊት የተንቀጠቀጥኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ሥራዬ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው፤ ሰርግ፣ ማስታወቂያ፣ አንዳንዴ የዩቲዩብ ፕሮግራም። ስክሪኑ ላይ ካሜራው በሙሽሮቹ ዙሪያ ዞረ፤ እኔም አብሬ ዞርኩ። ጠረጴዛውን ጨብጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጨፍኜም ይዞራል። ከሁሉም ያስፈራኝ ይሄ ነው፤ ዓይን በመጨፈን የማይመለጥ ነገር። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ለቀቀኝ። ለሳምንት ደህና ሆንኩ፤ በሳምንቱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ወራት የማስታውሳቸው በተሰጡኝ ስሞች ነው። የመጀመሪያው ክሊኒክ ደም ቀዳና «ታይፎይድ እና ታይፈስ» አለኝ። (እዚህ አገር በዚህ ምልክት ክሊኒክ ገብቶ ያለ ታይፎይድ የወጣ ሰው ካለ አስተዋውቁኝ።) ሁለተኛው ደም ማነስ አለ፤ የብረት ኪኒን ዋጥኩ። ሦስተኛው ጨጓራ ነው አለ። የቢሮ ጓደኞቼ «ስትረስ ነው፣ ውሃ ጠጪ» አሉኝ። ፊት ለፊቴ ያሉት እትዬ «ምች ነው የመታሽ» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው ግንባሬን አሹልኝ። አልዳንኩም፤ ግን እጃቸው ግንባሬ ላይ ሲያርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ አንድ ፈረንጅ አልጋ ላይ ጭንቅላቱን እያዞረ «በአምስት ደቂቃ ትድናላችሁ» ይላል። እሱንም ሞከርኩ። ትርፉ አንገቴን ማመም ሆነ።

አክስቴ «ዓይን ነው» ብላ ጠበል ወሰደችኝ። ጥር ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ውሃው ጭንቅላቴ ላይ ሲወርድ፣ ግራ ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ፣ ዓለም ተገለበጠ። ወደቅሁ። ዙሪያዬ ያሉ ሴቶች «እሰይ! ሊለቃት ነው!» አሉ። እኔም ከመሬት ሆኜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሊለቀኝ ነው ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አልሳቅባቸውም። ሁሉም የሚያውቀውን ስም ነው የሰጠኝ። አለቃዬ ብቻ ነው ምንም ስም ያልሰጠኝ። «ትናንት ደህና አልነበርሽ?» ይለኛል። የሚታይ ቁስል የለኝ፣ ትኩሳት የለኝ። ደህና በሆንኩባቸው ቀናት ራሴም ራሴን እጠረጥር ጀመር።

መጋቢት ላይ አንዲት የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ደረስኩ። በልምዴ መሠረት ጀመርኩ፦ «ዶክተር፣ ያዞረኛል።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እስቲ ‹አዞረኝ› ሳትዪ ንገሪኝ።»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሦስት ወር ሙሉ ለሁሉም የተናገርኩት አንድ ቃል ነው፤ እሱን ስትቀማኝ ምንም አልቀረኝም።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ይሄ ቃል የማይገባበት ቤት የለም። ርቦን ከተነሳን አዞረኝ። ፀሐይ ላይ ቆመን አዞረኝ። ከፎቅ ቁልቁል አይተን አዞረኝ። ሒሳቡ ብዙ ሲሆን አዞረኝ። በፊልሞቻችን አንዲት ሴት ግንባሯን ይዛ «አዞረኝ» ካለች አርግዛለች፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ቃሉ ሁሉንም ስለሚሸከም ሰሚው የፈለገውን ይወስዳል። የደም ግፊት የለመደ ግፊት ይሰማል፤ ጨጓራ የለመደ ጨጓራ።

ሐኪሟ ረዳችኝ። የሚንቀሳቀሰው ምንድን ነው፤ አንቺ ወይስ ቤቱ? ወይስ ምንም ሳይንቀሳቀስ ዓይንሽ ይጨልማል? ሲጀምር ስንት ይቆያል፤ ሴኮንድ፣ ደቂቃ፣ ሰዓት? ምን ስታደርጊ ይመጣል? ጆሮሽ ይጮኻል? መስማትሽ ቀንሷል? ከዚያ ደግሞ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፦ አንዱን ነገር ሁለት አድርገሽ አይተሻል? ንግግርሽ ተኮላትፎ ያውቃል? ፊትሽ፣ እጅሽ፣ እግርሽ በአንድ ጎን ዝሎ ወይም ደንዝዞ ያውቃል? ጨርሶ መራመድ አቅቶሽ፣ ወይም አይተሽው የማታውቂው ራስ ምታት በድንገት መጥቶብሽ ያውቃል? «ከእነዚህ አንዱ ከማዞሩ ጋር ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው» አለችኝ። ይሄን የጻፍኩት እናንተም እንድትይዙት ነው።

የመለስኩት ይሄን ነበር፦ ቤቱ ነው የሚሄደው። ሰዓታት ይቆያል። ብርሃን ያስጠላኛል፤ የታክሲ ጡሩምባ ጭንቅላቴ ውስጥ ይገባል። አንዳንዴ ግማሽ ራሴን ይመታኛል፣ አንዳንዴ ምንም አያመኝም። ያልተኛሁ ሌሊት ካለፈ ወይም ምግብ ከዘለልኩ ይብሳል።

ወረቀት ላይ ጆሮ ሳለችልኝ። ከታምቡሩ ወደ ውስጥ፣ በሁለቱም ጎን፣ ቀለበት የመሰሉ ሦስት ሦስት ቱቦዎች አሉ፤ ውስጣቸው ፈሳሽ አለ። ጭንቅላታችን ሲዞር ፈሳሹ ወደኋላ ይቀራል፤ ደቃቅ ፀጉር ያላቸው ሴሎች ይሄን አንብበው ለአንጎል ይነግራሉ። አንጎል የሁለቱን ጆሮዎች ወሬ ከዓይንና ከእግር ወሬ ጋር ያስተያያል። ሁሉም አንድ ነገር ካወሩ ቆመናል ማለት ነው። አንዱ የተለየ ነገር ካወራ ዓለም ይዞራል፤ ሆድም ይገለበጣል።

ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሮበርት ባራኒ የሚባል የቪየና ሐኪም አገኘሁ። የታካሚዎቹን ጆሮ በውሃ ሲያጥብ ይዞርባቸዋል፤ ዓይናቸውም ይርገበገባል። ውሃው ከቀዘቀዘ ዓይናቸው ወደ አንድ ጎን ይሮጣል፤ ከሞቀ ደግሞ ወደ ተቃራኒው። ለምን ብሎ ሲመረምር ነገሩ የጆሮ ፈሳሽ ሙቀት መለዋወጥ መሆኑን ደረሰበት። በዚህ ዘርፍ ሥራው እ.ኤ.አ. የ1914ን የኖቤል ሽልማት አገኘ፤ ዜናው ሲደርሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተማርኮ ሩሲያ ውስጥ የጦር እስረኛ ነበር። ይሄን ሳነብ የጥሩ ጠበል ትዝ አለኝ። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ግራ ጆሮ። ያን ቀን የወደቅሁበት ምክንያት ይሄ ይሆን? እምነቴን የሚነካ ነገር አላገኘሁበትም። ሰይጣን አለብኝ ብዬ በፍርሃት ያደርኩባቸው ሌሊቶች ግን ቀለሉኝ።

ስሜ መጣ፦ የሚዛን ማይግሬን። ማይግሬን የሚያም ራስ ምታት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ራስ ምታቱ ሳይኖርም ሚዛንን ሊያናጋ ይችላል፤ ከደቂቃዎች እስከ ሦስት ቀን ሊቆይ ይችላል። መድኃኒቱ አንድ ኪኒን ውጦ መዳን አይደለም። በሰዓቱ መተኛት፣ ምግብ አለመዝለል፣ ቡና መቀነስ፣ የመጣበትን ቀንና ሁኔታ እየጻፉ መያዝ፣ ከበዛ ደግሞ በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ ኪኒን። እኔ ሌሊት ኤዲት አድርጌ፣ ቁርስ ዘልዬ፣ በሦስት ሲኒ ቡና የምቆም ሰው ነበርኩ። ዛሬ ያ በሽታ ወሩን ሙሉ ሳይመጣ ሊቀር ይችላል፤ በሳምንት ሁለቴም ሊመጣ ይችላል። ከእሱ ጋር እየኖርኩ ነው።

ይሄ ጽሑፍ ስለ እኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባበቃ።

ለፋሲካ ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ጋ ሄድኩ። ስቅለት ዕለት አብረን ቤተ ክርስቲያን ዋልን። እኔ መብላት ስላለብኝ የንስሐ አባቴን አስፈቅጄ ቀምሻለሁ፤ ስለዚህ አፍሬ ከጽዱ ሥር ጥግ ይዣለሁ። ሕዝቡ ይሰግዳል። ግቢው በሙሉ ነጭ ሆኖ ይወርዳል፣ ይነሳል። ቀና ስል እማዬ አጠገቤ ግንዱን ተደግፋ ቆማለች። አትሰግድም።

እማዬ! በልጅነቴ በስቅለት እኔ ደክሞኝ ስቀመጥ እሷ ግንባሯ አቧራ እስኪለብስ የምትሰግድ ሴት።

«ጉልበቴን እያመመኝ ነው» አለችኝ ሳልጠይቃት።

ማታ ቤት ገብተን ጠየቅኋት። «ጉልበትሽን ካመመሽ ያን ሁሉ ዳገት እንዴት ወጣሽው?»

ዝም አለች። ቆይታ «ያው ያዞረኛል» አለች።

ያው። እናቴን ለስምንት ዓመት ያዞራታል። አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዳ ደም ግፊት አለብሽ ተባለች፤ እውነትም ነበረባት፤ ኪኒኗን ትወስዳለች። ግፊቷ ተስተካከለ፤ ማዞሩ ግን ቀረ። ቃሉ ግን አንዴ ቤት አግኝቷል። «ያዞረኛል» ስትል «ኪኒንሽን ወሰድሽ?» እንላታለን፤ በቃ። ሦስት ትራስ ደርባ እንደ ተቀመጠች መተኛት ስትጀምር ወንድሜ «ንግሥቲቱ ዙፋን ላይ ወጣች» እያለ ይቀልድ ነበር። እኔ ስቄያለሁ። አንድ ቀን ደግሞ በስልክ፣ ሥራ በዝቶብኝ፣ «ኧረ እማዬ፣ አንቺን ደግሞ ሁልጊዜ ያዞርሻል» ብያታለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ በስልክ አዞረኝ ብላኝ አታውቅም። የተሻላት መስሎኝ ነበር።

«እማዬ፣ ‹አዞረኝ› ሳትዪ ንገሪኝ።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ቃሉን ተይውና የሚሆነውን ንገሪኝ።»

የነጠላዋን ጥለት ትቆጥር ጀመር። «ግንባሬን ላስነካ ዝቅ ስል… ሰፌድ ላይ እንዳለ እህል ያንገዋልለኛል።»

ያንገዋልለኛል። እህል ስታንገዋልል አድጌ አይቻታለሁ፤ ሰፌዱን በሁለት እጇ ይዛ ክብ ክብ ስታዞረው፣ ጠጠሩ ለብቻ፣ ፍሬው ለብቻ ሲሰበሰብ። ከዚህ የተሻለ መግለጫ ከማንም ሰምቼ አላውቅም።

«ስንት ይቆያል?»

«አቡነ ዘበሰማያትን ደግሜ ሳልጨርስ ይተወኛል።»

«ሌላስ መቼ ይመጣል?»

«በቀኝ ጎኔ ስገላበጥ። ልብስ ላሰጣ ቀና ስል። ሹሩባ ልሠራ አንገቴን ስደፋ። ለዚህ አይደል ፀጉሬን ያሳጠርኩት?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስሰግድ ብቻ የሚብሰኝ ለምን እንደሆነ እሱ ያውቃል። የበደልኩት ነገር ይኖራል ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለችኝ።

እናቴ ለስምንት ዓመት እግዚአብሔር ስግደቷን አልቀበልም ያላት መስሏት ኖራለች። እኛ ግፊት ነው እንላለን።

የሚያንገዋልላትን ነገር መጋቢት ላይ ሳነብ አልፌው ነበር፤ ቨርቲጎ ከሚያመጡ ምክንያቶች ሁሉ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። በውስጠኛው ጆሮ፣ ከቀለበቶቹ አጠገብ፣ የስበትን አቅጣጫ የሚነግሩን ደቃቅ ጠጠሮች አሉ። የተሠሩት ከካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የእንቁላል ቅርፊት ከተሠራበት ማለት ነው። በዕድሜ፣ ጭንቅላት ላይ በደረሰ ምት፣ ብዙ ጊዜም ያለ ግልጽ ምክንያት፣ ጠጠሮቹ ከቦታቸው ለቀው ወደ አንዱ ቀለበት ይገባሉ። ያኔ ጭንቅላት ሲደፋ ወይም ሲቀና ጠጠሮቹ ይንከባለላሉ፤ ፈሳሹን ይገፉታል፤ አንጎልም በኃይል የምንሽከረከር ይመስለዋል። ጠጠሩ ሲያርፍ፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ፣ ይቆማል። አቡነ ዘበሰማያት ሳያልቅ።

ግንቦት ላይ አዲስ አበባ አምጥቼ እዚያችው ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ «እማማ፣ አይዞዎት፣ ትንሽ ላስቸግርዎት ነው» ብላ አልጋው ላይ አስቀመጠቻት። ጭንቅላቷን ወደ ቀኝ አዞረችና በፍጥነት ወደኋላ አስተኛቻት፤ አንገቷ ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ ዘለቅ ብሎ። እናቴ ጮኸች። እጄን ጨበጠችው።

«ነይ፣ ዓይኗን እዪ» አለችኝ ሐኪሟ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የእናቴ ዓይኖች ተከፍተው እኔን ያያሉ፤ ግን አያዩኝም። ብሌናቸው እየተጠማዘዘ፣ ወደ ላይ እየተርገበገበ ይሮጣል፤ ይመለሳል፤ ይሮጣል። ሰው አስመስሎ ሊያደርገው የማይችለው ነገር። ስምንት ዓመት «ያው» ያልነው ነገር ፊት ለፊቴ ይሮጥ ነበር። ከዚያ ዘገየ፤ ቆመ።

ሐኪሟ አልለቀቀቻትም። ጭንቅላቷን ቀስ አድርጋ ወደ ግራ አዞረች፤ ጠበቀች። በግራ ጎኗ አስተኝታ ፊቷን ወደ ወለሉ አደረገች፤ ጠበቀች። ከዚያ አስነሳቻት። ጠጠሮቹን በቀለበቱ ውስጥ እያንከባለሉ ወደ መጡበት መመለስ ነው፤ መርፌም ኪኒንም የለውም። ዘዴውን ያመጣው ጆን ኤፕሊ የሚባል የኦሪገን፣ አሜሪካ ሐኪም ነው። ጭንቅላት በማዞር በሽታ ይድናል ብሎ ሲያሳያቸው ባልደረቦቹ ተሳለቁበት፤ ዝነኛው ጽሑፉ የታተመው ለዓመታት ከለፋ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ዛሬ ዘዴው በዓለም ዙሪያ በስሙ ይጠራል። የዩቲዩቡ ፈረንጅ ያሳየኝም ይሄንኑ ነበር። ለእናቴ ሠራ፤ ለእኔ ሊሠራ አይችልም ነበር፤ የእኔ በሽታ ጠጠር አይደለማ። አንገቱን ወይም ጀርባውን የሚያመው ሰው ደግሞ ሐኪም ሳያየው ባይሞክረው ይሻላል። የትኛው ጆሮ፣ የትኛው ቀለበት እንደሆነ የሚለየው ከምርመራ በኋላ ነው።

ድጋሚ ሠራችላት። በሦስተኛው ስታስተኛት ዓይኗ ዝም አለ።

እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ «በቃ?» አለች።

«በቃ። ተመልሶ ሊመጣ ይችላል እማማ፤ ብዙ ሰው ላይ ይመለሳል። ከመጣ ይምጡ፤ እንደገና እናደርገዋለን።»

የምትደሰት መስሎኝ ነበር። ታክሲ ውስጥ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። «አምስት ደቂቃ» አለች። «ስምንት ዓመት ተቀምጬ ስተኛ፣ አምስት ደቂቃ ኖሯል?» ምን እንደምላት አላወቅሁም። ይቅርታ ጠየቅኋት። «አንቺ ምን አደረግሽ?» አለችኝ። ምንም። ያጠፋሁት እሱን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰው «አዞረኝ» ሲለኝ ኪኒን አላዝም፤ ሐኪም አይደለሁም። ግን እጠይቃለሁ። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ ከወንበር ስትነሳ ብቻ እንደሚጨልምባት ነገረችኝ፤ የሚዞር ነገር የለም፤ ግፊቷ ስትነሳ ይወርድ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ ከጉንፋን በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ሳያቋርጥ ዞረበት፤ የሚዛን ነርቭ መቆጣት ነው ተባለ። አንድ የቀድሞ የቲቢ ታካሚ ደግሞ በጨለማ መራመድ እንደሚያቅተው አወራኝ፤ ስትሬፕቶማይሲን የሚባለው መርፌ የሚዛን ሴሎችን ሊጎዳ እንደሚችል ያወቅሁት ያኔ ነው። ሁሉም ሲጀምሩ ያሉኝ ያንኑ አንድ ቃል ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ፣ እማዬ ደወለችልኝ። እኔ መጋረጃ ዘግቼ ተኝቻለሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ቤቱ ይሄዳል።

«ዛሬ ሰገድኩ» አለችኝ።

«ስንት?»

«ማን ይቆጥራል! ግንባሬን አስነካሁ፤ መሬቱ ዝም አለ። ጠብቄ ጠብቄ፣ ዝም አለ።» ሳቀች። ጉልበቷን ግን አሁን በእውነት እንዳመማት ነገረችኝ። ከዚያ ትንሽ ቆየችና፣ «አንቺስ? እንዴት ነሽ ዛሬ?» አለችኝ።

«ደህና ነኝ እማ።»

«ተዪ» አለችኝ። «‹ደህና ነኝ› ሳትዪ ንገሪኝ።»